ጣሪያ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ የአዲስ አበባ ሰማይ ይጠራል። ከፍ ካለ ሕንፃ አናት ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው እንጦጦ በሰሜን፣ ወጨጫ በምዕራብ በኩል ጎልተው ይታያሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ከተማዋ ከቦሌ እስከ ካዛንቺስ መብራቷን ታበራለች። የጋብቻ ጥያቄ ለማቅረብ የሚያስቡ ወጣቶች ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሬስቶራንት ውስጥ በማያውቁት ሰው ሁሉ ፊት ከመንበርከክ ለሁለት ሰዓት የተከራዩት የግል ጣሪያ ይሻላል።

ይህን የሚያነቡ እናቶችና አባቶች፣ «ሽማግሌ መላክ እያለ ጣሪያ ላይ መውጣት ምን ይሉታል?» ማለታቸው አይቀርም። ጥያቄው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። በሽማግሌው ሥርዓት ውስጥ ያለ፣ የጣሪያው ዝግጅት ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፤ ጊዜ። ሽማግሌዎች ሄደው የመጡበትን ጉዳይ ሲናገሩ የልጅቷ ቤተሰብ እዚያው መልስ አይሰጥም። «እንምከርበት፤ በዚህ ቀን ተመለሱ» ብሎ ይቀጥራል። በመካከሉ ስለ ልጁ ይጠየቃል፣ ዘር ይቆጠራል፣ ልጅቷም ሐሳቧን ትናገራለች። ጣሪያ ላይ ግን ሙዚቃው ተከፍቶ፣ ካሜራው እየቀረጸ፣ ጓደኞቿ እንባቸውን እየጠረጉ በሦስት ሰከንድ ውስጥ መልስ ይጠበቅባታል። እዚያ መሐል ቆማ «ላስብበት» ማለት የምትችል ስንት ናት? ይሉኝታ የሚያሸንፈን ሰዎች መሆናችንን አንርሳ።

የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ጋብቻ የሚጸናው ተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ መሆኑን ይደነግጋል። ጣሪያ ላይ የተባለ «እሺ» ማንንም እንድታገባ በሕግ አያስገድዳትም። ቪዲዮው በቴሌግራምና በቲክቶክ ከዞረ በኋላ ግን ቃልን መመለስ ከሕግ የባሰ ያስጨንቃል።

ስለዚህ ድንገተኛ መሆን ያለበት ቀኑና ቦታው ነው፤ ጥያቄው ራሱ ድንገተኛ መሆን የለበትም። ሁለቱ ስለ ጋብቻ አስቀድመው ደጋግመው ያወሩ መሆን አለባቸው። ልጅ መቼ? ከእናቱ ጋር ነው የሚኖሩት ወይስ ለብቻቸው? ሃይማኖታቸው ቢለያይ ምን ይደረጋል? እሱ በየዓመቱ ዲቪ የሚሞላ ከሆነ እሷ ሥራዋን ትታ መሄድ ትፈልጋለች? ያልተከፈለ የባንክ ብድር አለ? እነዚህን ሳይነጋገር ጣሪያ የሚከራይ ሰው ገንዘቡን ለጥቂት ወራት ቢያቆየው ይሻለዋል። ተነጋግረው የጨረሱ ጥንዶች ግን ድንገቱ አይቀንስባቸውም። እንደሚመጣ የምታውቀው፣ መቼ እንደሚመጣ የማታውቀው ነገር የበለጠ ልብ ያንጠለጥላል።

አሁን ወደ ጣሪያው እንውጣ። ሁሉም ጣሪያ ለዚህ አይሆንም። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው። የአፓርታማ ጣሪያ ጠፍጣፋ ቢሆንም ሮቶ፣ ዲሽና የልብስ ማስጫ ገመድ ይጋሩታል። አንዳንድ ሆቴሎችና ካፌዎች የላይኛውን ወለል ለዝግጅት ያከራያሉ፤ እዚያም «ሙሉውን ዘግታችሁ ትሰጡናላችሁ ወይስ ሌላ ደንበኛ ይኖራል?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦታውን ሁለት ጊዜ ማየት ይበጃል፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ በምሽት። በቀን የጠርዙ ግንብ ምን ያህል እንደሚረዝም ይታያል፤ ከወገብ በታች ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው። በምሽት ደግሞ ከጎን ያለው ረዘም ያለ ሕንፃ ነዋሪዎች በመስኮት ቁልቁል ያዩ እንደሆነ ይታወቃል። የግል ነው የተባለው ጣሪያ ለሃያ ቤተሰብ ቲያትር ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ፈቃዱን ከሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ መያዝ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን በዕለቱ በር ላይ ከሚቆመው ጥበቃ ጋር መተዋወቅ ነው፤ ፈረቃ ተቀይሮ ምንም ያልሰማ ሰው ቢቆም ሊፍቱ ጋ ሳይደረስ ክርክር ይጀመራል። ሁሉን የሰማው ጥበቃም ስጋት አለው። ደስ ብሎት «እንኳን ደስ ያላችሁ!» ካለ ነገሩ ከታች ያልቃል። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንና የጣሪያውን መስመር ጭምር እንደሚይዝ አስቀድሞ ይጠየቅ። ተረከዝ ጫማ አድርጋ አሥር ፎቅ በእግሯ የወጣች ሴት መጀመሪያ የምትፈልገው ውኃ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ከተማችን አመቺ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት በዓመቱ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ብቻ ይለያያል፤ በኅዳር ከ12 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ፣ በየካቲት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ትጠልቃለች። ለፎቶ የሚያምረው ብርሃን ግን ቶሎ ያልፋል። ፀሐይዋ ከገባች ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ጨለማው ይወርዳል። ሥራ የሚወጣበት ሰዓትና የታክሲው ሰልፍ ከዚህ ጋር ስለሚገጣጠም በሥራ ቀን ማሰብ አደጋ ነው። እሑድ ይሻላል፤ ያውም ቢያንስ 45 ደቂቃ ቀድሞ እዚያው አካባቢ በመገኘት። ለሙስሊም ጥንዶች ፀሐይ መጥለቂያው የመግሪብ ሶላት ሰዓት ስለሆነ፣ ጥያቄው ከሶላት በኋላ በከተማው መብራት ሥር ቢሆን ይመረጣል።

ብርዱን አትናቁት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ እንደ መስታወት ቢጠራም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ጣሪያ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። ወንበሩ ላይ ሁለት ንጹሕ ጋቢ ማስቀመጥ ከማንኛውም ዲኮር ይበልጣል፤ ፎቶ ላይም ያምራል። ሻማው በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ የአበባው ቅጠልና ፊኛው ከበድ ባለ ነገር ይያዝ። ድሮን ይነሳ የሚል ጓደኛ ካለ፣ ያለ ፈቃድ ማብረር እንደማይቻል ይነገረው።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ከዚያ ቀን በኋላ፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ፣ ለምትጾም ልጅ የክሬም ኬክ ማቅረብ ሳያውቋት መጠየቅ ይመስላል። የጾም ኬክ የሚሠሩ ቤቶች ሞልተዋል፤ ቀደም ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው።

ቀለበቱን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፦ ልኩን በግምት አይግዙ። በዚያው ጣቷ ላይ የምታደርገውን ሌላ ቀለበት እህቷ ለአንድ ቀን ታውሳለች፤ ወርቅ ቤት ወስዶ ማስለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ዋናው ጉዳይ ማን ይገኝ የሚለው ነው። የእኛ ምክር፣ ጥያቄው ሲቀርብ ጣሪያው ላይ ሁለቱ ብቻ ይሁኑ። ፎቶ አንሺ ካስፈለገ አንድ፣ ያውም ራቅ ብሎ። ጓደኞችና እኅት ወንድሞች ከታች ባለው ወለል ራት ተይዞላቸው ይጠብቁ። ለራት እንደተጠሩ እንጂ ለቀለበት እንደመጡ አይነገር። «እሺ» ካለች ስልክ ተደውሎ ይወጣሉ፤ እልልታውም ጭብጨባውም ያኔ ይሆናል። «ጊዜ ስጠኝ» ካለች ደግሞ ሁለቱ ወርደው ከሰው ጋር ራት ይበላሉ፤ ወይም ይቅርታ ጠይቀው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ማንም ምንም አላየም። ይህ ሲታቀድ ያለ ወግ ሊመስል ይችላል። ሽማግሌዎቻችን በቀጠሮ የሚሰጡትን ክብር ግን ጣሪያው ላይ ማግኘት የሚቻለው እንዲህ ነው።

ከእሷ ወገን አንድ ሰው ይወቅ፤ ታላቅ እህቷ ብትሆን ጥሩ ነው። እናትየው ብታውቅ የበለጠ ጥሩ ነው የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ምሥጢር የማይቋጥሩ እናቶች እንዳሉ እነሱም ያምናሉ። የማያከራክረው፣ ወላጆቿ ዜናውን ከጎረቤት ስልክ ላይ እንዳያዩት ነው። ፎቶው ከመለቀቁ በፊት፣ ከጣሪያው ሳይወርዱ፣ ለሁለቱም ቤት ይደወል። በዚያው ሳምንት ሽማግሌ የሚሆኑት ተመርጠው ቀን ይቆረጥ። ለጥር ሠርግ የታሰበ ከሆነ በጥቅምት ጠይቆ መድረስ ከባድ ነው፤ የአዳራሽ ቀጠሮ ሽማግሌን አይጠብቅም። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙዎች ይመቻል።

ሽማግሌ ሳይገባ ቀለበት አድርጎ መታየት የሚከብዳቸው ቤቶች አሉ። ስለዚህ አንዳንዶች እስከዚያ ቀን በሳጥኑ ያቆዩታል፤ ሌሎች በዚያው ምሽት አድርገውት ቤት ይገባሉ። ይህን የምትወስነው እሷ ናት፤ የእናቷን ቤት የምታውቀው እሷ ስለሆነች።