ያገለገለች ኮሮላ ዋጋዋ ከምን የተሠራ ነው?

ሃያ ዓመት የሞላት ቶዮታ ኮሮላ አዲስ አበባ ውስጥ ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ብትሸጥ ማንም አይደነቅም። ሰው የሚደነቀው ባለቤቷ ከሰረ ሲባል ነው። በአሜሪካ መለኪያ ኮሮላ ትንሽ መኪና ናት፤ መካከለኛ የቤተሰብ መኪና የሚባሉት ካምሪና አኮርድ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን አምስት ሰው ጭና ትምህርት ቤትም፣ ለቅሶም፣ ሠርግም የምታደርሰው እሷ ስለሆነች የቤተሰብ አውቶሞቢል ዋጋ ሲነሳ መለኪያው ኮሮላ ነው። ገዢው "ከኮሮላ ስንት ትበልጣለች?" ሲል ይጠይቃል፤ ደላላውም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

በሌላው ዓለም የመኪና ሒሳብ የሚጀምረው ከዋጋ መውረድ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወገናችን አዲስ ካምሪ ቢገዛ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋዋ አንድ አምስተኛ ገደማ እንደሚያጣ ያውቃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ወጪው ነዳጅ ወይም ኢንሹራንስ ሳይሆን ይኸው ነው። "ሦስት ዓመት ያገለገለች ግዛ" የሚለው ምክርም የመጣው ከዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ኪሳራ ሌላ ሰው ተሸክሞልሃል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ምክር አይሠራም። ኪሳራውን የተሸከመ ሰው የለምና ቅናሹን የሚያገኝ ገዢም የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ? መነሻው ጉምሩክ ነው። ግብሮቹ ጎን ለጎን አይቆሙም፤ አንዱ የሚሰላው በሌላው ላይ ነው። ማጓጓዣና ኢንሹራንሷ ተጨምሮ 100 ሺህ ብር የምታወጣ፣ ሞተሯ ከ1,300 በላይ እስከ 1,800 ሲሲ የሆነ አዲስ መኪና እንውሰድ። ለዓመታት በሠራው የ35 በመቶ ቀረጥ 135 ሺህ ትሆናለች። የ60 በመቶው ኤክሳይዝ ታክስ የሚሰላው በ100 ሺሁ ላይ ሳይሆን በ135 ሺሁ ላይ ስለሆነ 216 ሺህ ትደርሳለች። በዚያ ላይ የ15 በመቶ ቫት ሲጨመር 248 ሺህ 400፣ በዚያም ላይ የ10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከል 273 ሺህ 240 ብር ይሆናል። የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም።

የካቲት 2012 የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ከፍተኛው ምጣኔ በሚያርፍባት መኪና ላይ ያንኑ ስሌት ብንደግመው 100 ሺሁ አንድ ሚሊዮን 24 ሺህ ብር ይሆናል። የመንግሥት ዓላማ አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር፤ ተሳክቶለታልም። ከአዋጁ በፊት የገባችው አሮጌ ግን በአንድ ሌሊት ተተኪ የሌላት ሆነች። ባለቤቷ ምንም ሳይሠራ ከበረ።

ከዚያ ጥር 2016 መጣ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ አስታወቁ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነበር። ስድስት ወር ቆይቶ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ግቢ ውስጥ ቆማ የነበረችው ኮሮላ አንድ ኪሎ ሜትር ሳትነዳ ዋጋዋ ተቀየረ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የአቅርቦት ታሪክ ነው። የፍላጎቱ ታሪክ ደግሞ ከባንክ ደብተር ይጀምራል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ሆኖ ሲቆይ፣ የዋጋ ንረቱ 2014ን በመሰሉ ዓመታት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያ ዓመት መቶ ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው ዓመቱን ሲጨርስ የመግዛት አቅሙ አንድ አምስተኛ ያህል ተቀንሶ ነው ያገኘው። መሬት በሊዝ ለመያዝ አቅም ያነሰው፣ ዶላር ለመያዝ ሕግ የከለከለው ደመወዝተኛ ታዲያ ገንዘቡን የት ያስቀምጥ? ኮድ 2 ታርጋ ባላት መኪና። እየነዳ ይቆጥባል፤ ሲቸግረው በሳምንት ውስጥ ይሸጣታል።

ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው አንድ ዋጋ ለሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ነው። አንዱ ከቦታ ቦታ የሚያደርሰው ተሽከርካሪ ነው። ሌላው ከብር መውረድ የሚጠለልበት ቁጠባ ነው። ሻጩ ሁለቱን አጣምሮ ይሸጣል፤ ብልህ ገዢ ግን ለየብቻ ሊመዝናቸው ይገባል። በእኔ ግምት ተሽከርካሪው ዛሬም ጥሩ ዕቃ ነው። ቁጠባው ግን እንደ ድሮው አይደለም። ላለፉት ዓመታት የኮሮላን ዋጋ ወደ ላይ የገፉት የታክሱ ጭማሪ፣ ክልከላውና የምንዛሪው ለውጥ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ የሆኑ ነገሮች ናቸው። ክልከላ ሁለት ጊዜ አይታወጅም። ወደፊት የሚቀረው የብር መውረድ ብቻ ሲሆን፣ ያም በ2016 ክረምት ባየነው ፍጥነት ይቀጥላል ብሎ መወራረድ ደፋርነት ነው።

በዚህ ላይ ተፎካካሪ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በተወሰነው መሠረት ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። ከላይ ከ100 ሺህ ተነስታ 273 ሺህ ያወጣችው መኪና በዚያ ውሳኔ 115 ሺህ ትሆናለች ማለት ነበር። ቶዮታ ራሱ ከቢዋይዲ ጋር ቻይና ውስጥ የሠራት ቢዚ 3 የተባለች ሰዳን ከኮሮላ ትሰፋለች፤ ከከተማችን ከፍታም ጋር አትጣላም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ አምስት ሰው ጭኖ የእንጦጦን ዳገት በ1,300 ሲሲ የወጣ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግምና እንዲህ ያለ ድካም የለበትም።

ታዲያ ኤሌክትሪክ እንግዛ? ሒሳቡ ከሚመስለው በላይ አከራካሪ ነው። በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ቤተሰብ እናስብ፤ ልጆች ማድረስ፣ ሥራ፣ ቅዳሜና እሑድ ዘመድ ጥየቃ። ኮሮላ በከተማ ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ትበላለች ብንል በዓመት 1,200 ሊትር ይሆናል። ቤንዚኑን በሊትር 120 ብር ብናሰላው 144 ሺህ ብር ነው። ኤሌክትሪኳ የቻርጅ ብክነቱ ተጨምሮ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ትፈልጋለች እንበል፤ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት ሆን ብለን አስወድደን 10 ብር ብናስበው እንኳ 20 ሺህ ብር። ልዩነቱ በዓመት 124 ሺህ ብር ነው። ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡን ይዘጋና ይፈርማል።

መዝጋት ግን የለበትም። ኤሌክትሪኳ ከኮሮላዋ በአንድ ሚሊዮን ብር ትበልጣለች እንበል። ያ ሚሊዮን ባንክ ቢቀመጥ በዝቅተኛው ወለድ እንኳ በዓመት 70 ሺህ ያመጣል፤ የነዳጁ ትርፍ ወደ 54 ሺህ ዝቅ አለ። ሚሊዮኑ በ18 በመቶ ወለድ የተበደሩት ከሆነ ደግሞ ወለዱ ብቻ 180 ሺህ ነው፤ ቤንዚን በማዳን የሚገኘውን ሁሉ ባንኩ ወስዶ ይጨምርበታል። በሌላ በኩል በራይድ ወይም በፈረስ የታክሲ አገልግሎት ተመዝግቦ በዓመት 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የነዳጅ ልዩነቱ ከ400 ሺህ ብር ያልፋል፤ የነዳጅ ወረፋ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ ሳይቆጠር። ለእሱ ብድሩም ያዋጣል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ደጃፍ ለምትቆም መኪና ግን የሞተሩ ዓይነት ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ሰው ከዋጋ በፊት ማወቅ ያለበት በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚነዳ ነው፤ አብዛኞቻችን ደግሞ ይህን ቁጥር ስንጠየቅ በግምት ነው የምንመልሰው።

ኮሮላ አሁንም አንድ ጠንካራ ነገር አላት፤ ትታወቃለች። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳይቷል። ሻጩ የመኪናዋን ሕመም ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ሁሉንም በመጥፎ ዋጋ ይገምታል፤ ጥሩ መኪና ያለውም ከገበያው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ለኖቤል ሽልማት ያበቃው ይህ ሐሳብ ነው። አዲስ አበባ ለዚህ ችግር ያገኘችው መፍትሔ አንድ ዓይነት መኪና መግዛት ነው። የኮሮላን ሕመም የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ ያውቃል፤ መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ አዲሱም አሮጌውም ተደርድሯል። በዚያው ዕድሜ ያለች ሌላ መኪና በምቾትም በሞተርም ብትበልጣት እንኳ በርካሽ የምትሸጠው ገዢው ስለማያውቃት ነው። የኮሮላ ውድነት ከፊሉ የዕውቀት ዋጋ ነው።

ያንን ዋጋ የከፈለ ሰው ዕውቀቱን ሊጠቀምበት ይገባል። ጥሩ መካኒክ መኪናዋን የሚያየው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው። መጀመሪያ መዳፉን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል፤ ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፣ የብርዱን ድምፅና የመጀመሪያውን ጭስ ደብቆታል ማለት ነው። ቀጥሎ የኋላውን ሻንጣ ከፍቶ የዳር ጎማውን በጣቱ ይልጠዋል። የፋብሪካ ብየዳ ነጥብ ነጥብ ሆኖ እኩል ይራራቃል፤ የጋራዥ ብየዳ ግን ይንገዋለላል፣ ቀለሙም ከጎማው ሥር ይፈሳል። ማግኔት ይዞ በበሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ አይዝለትም። ከዚያ የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ ሥሩ ስቦ የተሰፋችውን ጨርቅ ያነባል፤ የተመረተበት ጊዜ እዚያ ላይ ይጻፋል። መኪናዋ የ2004 ሞዴል ሆና ቀበቶው የ2009 ከሆነ በመሀል አንድ ነገር ሆኗል። ኪሎ ሜትሩ 90 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ እስከ ብረቱ ካለቀ ደግሞ ቁጥሩን ትቶ ፔዳሉን ያምናል። የሻንሲ ቁጥሯ 17 ፊደላትና አሃዞች ሆኖ በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ የተገጣጠመች ናት፤ ታሪኳ በትንሽ ክፍያ ከኢንተርኔት ይገኛል። ተጋጭታ ኢንሹራንስ የጣላት፣ ከጨረታ ተገዝታ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋራዥ የተጠገነች መሆኗ አንዳንዴ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ አጭር ነው። ሊብሬው በሻጩ ስም ይሁን፤ ዕዳና እገዳ የሌለባት መሆኑ ይጣራ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። "በውክልና ውሰዳት" የሚል ሻጭ ካጋጠመ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም እንደሚቀር ማስታወስ ይበቃል።

ከባዱ ጥያቄ አሁን ወደ ገበያው መምጣት የጀመሩት ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። እዚህ ማግኔቱም የመዳፉ ሙቀትም አይረዳም። የመኪናዋ ዋጋ ትልቁ ክፍል ወለሏ ሥር የተኛው ባትሪ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከቻይና ገበያ በቀጥታ ተገዝተው የገቡ በመሆናቸው የአምራቹ ዋስትና ተከትሏቸው አልመጣም። ፎልክስቫገን አይዲ 6 ለምሳሌ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራች ናት፤ ቦሌ መንገድ ላይ ግን በየቀኑ ትታያለች። የአከርሎፍ ገበያ ማለት ይህ ነው፤ ሻጩ ባትሪው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በየቀኑ ያያል፤ ገዢው የሚያየው የተወለወለ ቀለም ነው። ታክሱ የተነሳው በመንግሥት ውሳኔ ስለሆነ በውሳኔ ሊመለስ ይችላል፤ ቢመለስ ቀድመው የገቡት ይወደዳሉ፤ ባይመለስ ደግሞ አዲሷ በረከሰች ቁጥር ያገለገለችው አብራ ትወርዳለች። በሁለቱም መንገድ ገዢው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ የሚያነብ መሣሪያ ባለው ጋራዥ አስለክቶ፣ ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ ስንት እንደሚወርድ ራሱ ነድቶ ማየት አለበት። ይህን የሚከለክል ሻጭ ዋጋውን ምንም ያህል ቢቀንስ ውድ ነው።