ለሚዳቋ የተጠመደ ሽቦ

የኡጋንዳ ዋና ከተማ የካምፓላ ስም የአደን ስም ነው። ካባካ እየተባሉ የሚጠሩት የቡጋንዳ ነገሥታት፣ ዛሬ ከተማይቱ በተንጣለለችባቸው ኮረብቶች ላይ ኢምፓላ የተባለውን ፈጣን የሜዳ እንስሳ ያድኑ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1890 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የኡጋንዳን ጉዳይ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሻምበል ፍሬዴሪክ ሉጋርድ ከነዚሁ ኮረብቶች በአንደኛው ላይ ምሽጉን ሲሠራ፣ ሥፍራው «የኢምፓላ ኮረብታ» ይባል ነበርና ስሙ ለከተማይቱ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስሙ ሲቀር እንስሳው ግን አልቀረም። ዛሬ የካምፓላ ነዋሪ ኢምፓላ ለማየት ቢፈልግ፣ ወደ ምዕራብ ረጅም መንገድ ተጉዞ እስከ ምቡሮ ሐይቅ ብሔራዊ ፓርክ መዝለቅ አለበት።

ስለ አደን ሕግ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ዝሆንና ወደ አንበሳ ይሄዳል። በሀገራችንም ቢሆን ፉከራው የዝሆን ገዳይ፣ የጎሽ ገዳይ እንጂ ሚዳቋ በአሽክላ ለያዘ ወይም ቆቅ ላጠመደ ሰው የፎከረለት የለም። ይሁን እንጂ የጫካውን ሀብት ቀስ በቀስ የሚያራቁተው፣ ሕግ አስከባሪውንም ይበልጥ የሚያስቸግረው፣ ይኸው ፉከራ የሌለው የጥቃቅን አራዊት አደን ነው። የኡጋንዳን ተሞክሮ ለአንባቢያን ለማቅረብ የተነሳነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጽሑፍ ሕግ በፊት የነበረ ሕግ

የባጋንዳ ሕዝብ የአደን ገደብን ያወቀው በመንግሥት ጋዜጣ ከወጣ አዋጅ አይደለም። እያንዳንዱ ጎሣ የሚጠራበት እንስሳ አለው፤ የጎሣው አባል የሆነ ሰው ያንን እንስሳ አይበላም። የጥርኝ ጎሣ ጥርኝን፣ የጉሬዛ ጎሣ ጉሬዛን፣ የድኩላ ጎሣ ድኩላን፣ የጎሽ ጎሣም ጎሽን እርም ይላል። ጎሣዎቹ ከሃምሳ የማያንሱ በመሆናቸው፣ በአንድ መንደር ውስጥ ለአንዱ ምግብ የሆነው ለሌላው እርም ነው። ሥርዓቱ ጥበቃ ተብሎ የተደነገገ ባይሆንም፣ ሁሉም ሰው በአንድ እንስሳ ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይዘምት የሚያደርግ መሆኑ ግልጽ ነው።

በጽሑፍ የተደነገገው ቁጥጥር የተጠናከረው በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ነው። ሻምበል ቻርልስ ፒትማን ከ1925 እስከ 1951 የአራዊት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን በበላይነት መሩ። በ1952 የመጀመሪያዎቹ ብሔራዊ ፓርኮች ተቋቋሙ፤ በ1959 ደግሞ የአራዊት ጥበቃና ቁጥጥር ሕግ ወጣ።

ጠመንጃ በበዛበት ዘመን

ሕግ በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን አራዊትን እንደማያድን ኡጋንዳ በመራራ መንገድ አየችው። በኢዲ አሚን ዘመን፣ ይኸውም ከ1971 እስከ 1979፣ ከዚያም በተከተለው ጦርነትና ሁከት፣ አውቶማቲክ መሣሪያ የያዘ ሁሉ በየፓርኩ ገባ። በ1960ዎቹ ወደ 30 ሺህ ይገመት የነበረው የአገሪቱ ዝሆን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 2 ሺህ ገደማ ወረደ። ሁለቱም የአውራሪስ ዓይነቶች በዚያው ዘመን ከኡጋንዳ ምድር ፈጽመው ጠፉ። ሥጋው ለሠራዊት ስንቅ፣ ጥርሱና ቀንዱም ለነጋዴ ሲሳይ ሆነ። በ1979 መንግሥት አደንን በጠቅላላ አገደ።

በ1996 የፓርኮች ድርጅትና የአራዊት ጥበቃ መምሪያ ተዋሕደው የኡጋንዳ የዱር አራዊት ባለሥልጣን ተቋቋመ። ዋና መሥሪያ ቤቱም በካምፓላ በኪራ መንገድ፣ ከብሔራዊው ሙዚየም አጠገብ ይገኛል። ሕጉ የቆመበት መሠረት አጭርና ግልጽ ነው፤ የዱር እንስሳ ሁሉ መንግሥት በሕዝቡ ስም የያዘው ንብረት ነው። ስለዚህ ማንም ሰው በእርሻው ላይ ያገኘውን ድኩላ «የእኔ ነው» ሊል አይችልም። ማደን የሚቻለው በፈቃድ ብቻ ሲሆን፣ ሕጉ ከዘረዘራቸው የአራዊት መጠቀሚያ መብቶች የመጀመሪያው መደብ አደን ነው። በ2001 በምቡሮ ሐይቅ አካባቢ ከፓርኩ ውጭ የስፖርት አደን ለሙከራ የተከፈተው በዚሁ መንገድ ነበር።

ወቅቱን የሚወስነው ማን ነው?

አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ክረምትና በጋ በግልጽ የተለዩባቸው አገሮች በመሆናቸው፣ የአደን ወቅት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ይቀመጣል። እንስሳው የሚወልድበት ወራት ይታወቃልና ያን ጊዜ ጠመንጃ ዝም ይላል። ኡጋንዳ ግን የምድር ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት እና ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል፤ በአገሪቱ አርማ ላይ የተሣለው ኮብ የተባለው የሜዳ እንስሳም ዓመቱን ሙሉ ይወልዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የወራት መለያ ብቻውን በቂ ጥበቃ አይሆንም። የሚያስፈልገው ምን ዓይነት እንስሳ፣ ስንት፣ የት፣ በምን መሣሪያ የሚለውን ሁሉ በፈቃድ መወሰን ነው።

እውነተኛ ወቅት ያለው የካምፓላ አዳኝ ሌላ ነው፤ እርሱም የፌንጣ አጥማጅ ነው። ንሴኔኔ የሚባለው አረንጓዴ ፌንጣ ዝናቡን ተከትሎ በኅዳር፣ ከዚያም በሚያዝያና በግንቦት በሌሊት መንጋ ሆኖ ይመጣል። የባጋንዳ ቋንቋ የኅዳርን ወር የሚጠራው በዚሁ ፌንጣ ስም ነው። አጥማጆቹ በጣሪያና በባዶ ቦታ ላይ ኃይለኛ አምፖል ያበራሉ፤ በበርሜሎች ዙሪያ ቆርቆሮ ያቆማሉ፤ በብርሃኑ የተሳበው ፌንጣ ቆርቆሮውን መትቶ እያንሸራተተ በርሜል ውስጥ ይወድቃል። ሌሊቱን የተያዘው ሲነጋ ክንፉና እግሩ ተነቅሎ፣ ተጠብሶ፣ በየገበያው ይሸጣል። ዝናቡ ከቀረ ወይም ፌንጣው የሚራባበት ሣር ከታረሰ፣ ገበያውም ይቀራል። ስሙን የተሸከመው የንሴኔኔ ጎሣ ግን አይቀምሰውም።

ሽቦ አይመርጥም

የፌንጣ ወጥመድ የሚይዘው ፌንጣን ነው። የሽቦ ወጥመድ ግን አይመርጥም፤ የችግሩም ሥር ይህ ነው። ከአሮጌ ጎማ የተመዘዘ ወይም ከገበያ የተገዛ ሽቦ በእንስሳ መሄጃ ላይ በሸምቀቆ ይታሠራል። ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራ ጥርሳም የብረት ወጥመድም አለ። አጥማጁ ያሰበው ሚዳቋ ወይም የጫካ አሳማ ነው፤ እግሩን የሚያስገባው ግን ቺምፓንዚ፣ ቀጭኔ ወይም አንበሳ ሊሆን ይችላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የእኛ ሰው። እዚህ ግን አንድ ነጠላ ሽቦ አንበሳ ያስራል።

ያዕቆብ የተባለው የንግሥት ኤልሳቤጥ ፓርክ አንበሳ በ2020 በአዳኞች የብረት ወጥመድ ተይዞ አንድ እግሩን አጣ። ይህ ባለ ሦስት እግር አንበሳ በ2024 ከወንድሙ ጋር ሆኖ፣ አዞና ጉማሬ የሞላበትን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የካዚንጋ ቦይ በሌሊት ሲዋኝ በካሜራ ታይቶ ዓለምን አስደንቋል። እኛንም ቢያስደንቀን፣ ያ እግር የጠፋው ለአንድ ማሰሮ ሥጋ ሲባል መሆኑን መርሳት አይገባም።

ከዚህ የከፋው በሰኔ 2020 በብዊንዲ ደን ተፈጸመ። አንድ የአካባቢው ሰው ትንንሽ አራዊት ለማደን ወደ ደኑ ይገባና፣ ራፊኪ የተባለውን ጀርባው የሸበተ የጎሪላ አውራ ያገኛል። ራፊኪ 17 አባላት ያሉት የንኩሪንጎ መንጋ መሪ ነበር፤ በዓለም ያለው የተራራ ጎሪላ ደግሞ ከአንድ ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሰውየው ራሴን ለመከላከል ወጋሁት አለ። ያለ ፈቃድ ወደ ደኑ መግባቱን፣ ጎሪላውን፣ ሚዳቋና የጫካ አሳማ መግደሉን አምኖ፣ በሐምሌ ወር 11 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ለትንሽ የወጣ አዳኝ በትልቅ ታሠረ።

ቅጣቱም እየከበደ መጥቷል። በ2019 የወጣው አዲሱ ሕግ፣ ሊጠፉ በተቃረቡ አራዊት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል እስከ 20 ቢሊዮን የኡጋንዳ ሺሊንግ መቀጮ ወይም የዕድሜ ልክ እስራት ደንግጓል። ለዚሁ ጉዳይ በካምፓላ የሚያስችለው ልዩ ፍርድ ቤት በ2022 ሁለት ቁራጭ የዝሆን ጥርስ በተያዘበትና ቀደም ሲልም ተፈርዶበት በነበረ ሰው ላይ የዕድሜ ልክ እስራት በይኗል።

ቅጣት ብቻውን አይበቃም

ይሁን እንጂ ወጥመድ ያጠመደውን ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ብሎ ማለፍ ነገሩን መሸፈን ይሆናል። የብዊንዲ ደን በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ በአደንና በማር ቆረጣ ይኖሩ የነበሩት ባትዋዎች ከደኑ ወጡ፤ ብዙዎቹም መሬት አልባ ሆኑ። በፓርክ ዳር የሚያርሰው ገበሬም ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት የጫካ አሳማ በቆሎውን ይጨርስበታል። እርግጥ ሦስቱ እንስሳት በሕጉ አዋኪ ተብለው ተመድበዋል፤ እነርሱን መከላከልም ለወረዳ አስተዳደሮች ተሰጥቷል። ነገር ግን መከላከያው ሳይደርስ አዝመራው ካለቀ፣ ገበሬው ወደ ሽቦው መሄዱ አይቀርም።

ስለዚህም ኡጋንዳ ከቅጣቱ ጎን ሌላ መንገድ ይዛለች። ከፓርኮች የመግቢያ ገቢ መቶኛ ሃያው ለአጎራባች ነዋሪዎች ልማት እንዲውል ሕግ ያዛል፤ በ2019 ሕግም አራዊት ጉዳት ላደረሱባቸው ሰዎች የካሣ ሥርዓት ተጨምሮበታል። በፓክዋች አካባቢ ደግሞ ከፓርኩ የተነቀለ የወጥመድ ሽቦ የዝሆንና የቀጭኔ ምስል ሆኖ እየተጠማዘዘ ለጎብኚ ይሸጣል፤ የሚያጠማዝዙትም የዚያው አካባቢ ወጣቶች ናቸው።

ይህ ሁሉ ለእኛም የሚነገር ነው። በሀገራችን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ከጦር ሠፈር ራቅ ብሎ ዘብ የቆመ ወታደር ጅግራ ከቁጥቋጦ ስትወጣ ሲያይ፣ የከተማ ሰውም የዱር ሥጋ «ለመድኃኒት ነው» ተብሎ ሲቀርብለት፣ ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታያል። የካምፓላ ኮረብቶችም ኢምፓላቸውን ያጡት በአንድ ቀን አይደለም። አንድ በአንድ አለቁና ለልጅ ልጅ የቀረው ስሙ ብቻ ሆነ።