«ባዶ ነው» ያልኩት ሳልባትዮ ሊያነደኝ ነበር!

አሮጌ መኪና አድሳችሁ በከተማው ልትንፈላሰሱ ያማራችሁ ካላችሁ፣ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ።

የአባቴ ቮልስ ግቢያችን ውስጥ 9 ዓመት ቆማለች። አንድ ቅዳሜ «እኔ ነኝ የማስነሳት!» ብዬ ተነሳሁ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ የነዳጅ ታንኳ (ሜካኒኮች ሳልባትዮ የሚሉት) ከፊት ኮፈን ስር ነው፤ ወደ 40 ሊትር ይይዛል። ቤንዚን ለዓመታት ሲቆይ ተበላሽቶ ሙጫ መሳይ ዝቃጭ ይተዋል፤ ታንኩም ከውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ ሳይቀዱና ሳያወርዱ ሞተር ማስነሳት ብሎ ነገር የለም።

ጎማ ከትቼ በአፌ ልስብ ስል ጓደኛዬ ነጠቀኝ። እውነቱን ነው፤ ትን ብሎኝ ቤንዚኑ ሳንባዬ ቢገባ ለሞት ያደርሰኝ ነበር። በእጅ ፓምፕ ቀዳን። 4ቱን ብሎኖች ፈተን አወረድነው። ለካ ስሩ ተበስቷል! ተሸክሜ ወደ በያጅ።

«ጋሼ፣ ይቺን ቀዳዳ ብቻ ይድፈኑልኝ፤ ባዶ ነው» አልኳቸው።

የያዙትን ጥለው ጮሁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ልታስጨርሰን ነው? ከሙሉው ይልቅ ባዶው ነው የሚፈነዳው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ለአየር ቦታ የለም። ባዶ ሲሆን ግን የቀረችው ጠብታ ተንና ከአየር ጋር ትደባለቃለች። ተኑ ከአየሩ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ከሆነ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። እኛ ታንኩን ስናወርድ እናቴ እዚያው ጥግ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ታፈላ ነበር! አሁንም ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል።

ምክሬ አጭር ናት። ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ስሩ። ሲጋራም ከሰልም ይራቅ። ከሁሉ በፊት የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ፤ ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበር ስር ነው። ቤንዚኑን ክዳን ባለው የነዳጅ ጀሪካን ቅዱ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፉ። ከስር ያለውን የነዳጅ ቱቦና የመለኪያውን ሽቦ ሳትነቅሉ ታንኩን አትጎትቱ። ብየዳውን ደግሞ ታንክ አጥቦ ተኑን ማስወገድ ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ስጡ።

ቮልሷ ዛሬም አልተነሳችም። እኔ ግን አለሁ። ቸር እንሰንብት!