ከእቅፍ ወደ ወንበር፦ ወላጆችና ካር ሲት ባለፉት 60 ዓመታት

የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት በ1977 አንድ ሕግ አወጣች (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ4 ዓመት በታች የሆነ ልጁን በመኪናው የሚያሳፍር ወላጅ ለሕፃናት በተሠራ ወንበር (ካር ሲት) ላይ አስሮ እንዲያሳፍር የሚያዝ ሕግ ነው። በጥር 1978 ሥራ ላይ ሲውል በአገሪቱ የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ሕግ ሆነ። ሮበርት ሳንደርስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከባለቤታቸው ከፓት ጋር ሆነው የምክር ቤት አባላትን በር እያንኳኩ ያስወጡት ነው። ይሁን እንጂ አባላቱ ሕጉን ሲያጸድቁ አንድ ቀዳዳ ተዉለት፤ ልጁን ትልቅ ሰው ካቀፈው ወንበሩ ይቀራል አሉ። ዶክተር ሳንደርስ ይህን ማሻሻያ “ሕፃን ጨፍላቂ” ሲሉ ጠሩት። እስኪሰረዝ ድረስም ሙግታቸውን አላቆሙም፤ በ1981 ተሰረዘ።

ወላጆች ስለ ካር ሲት ያላቸው አመለካከት ባለፉት 60 ዓመታት የሄደበትን መንገድ ለሚከታተል ሰው ከዚህች ቀዳዳ የተሻለ መነሻ የለም። እነዚያ የምክር ቤት አባላት ልጅ የሚጠሉ ሰዎች አልነበሩም። ከእናት ክንድ የበለጠ አስተማማኝ ቦታ ይኖራል ብለው ማሰብ አቃታቸው እንጂ። እኛም ዘንድ ዛሬ ድረስ የሚሰማው ሙግት ይኸው ነው፦ “እኔ አቅፈዋለሁ፤ ምን ይሆናል?”

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከግንብ ጋር ስትላተም በዓይን ጥቅሻ ትቆማለች። መኪናዋ ስትቆም ውስጧ ያለው ሰው ግን በነበረበት ፍጥነት ወደፊት ይሄዳል። 10 ኪሎ የሚመዝን የ1 ዓመት ልጅ በዚያች ቅጽበት አቃፊውን የሚጎትተው ሁለት ኩንታል በሚሆን፣ አንዳንዴም ከዚያ በሚበልጥ ኃይል ነው። ሁለት ኩንታል በክንዱ የሚይዝ ወላጅ በዓለም ላይ የለም። አቃፊው ራሱ ቀበቶ ካላሰረ ደግሞ ይብሳል። ከፊቱ ዳሽቦርድ፣ ከኋላው የወላጁ ሙሉ ክብደት አለና ልጁ በሁለቱ መካከል ይቀረቀራል። ዶክተሩ ለማሻሻያው ያንን አስፈሪ ስም ያወጡለት ለዚህ ነው።

ነገሩ ሲጀመር የልጆች የመኪና ወንበር ከደኅንነት ጋር ግንኙነት አልነበረውም። በ1930ዎቹና ከዚያ በኋላ ይሸጡ የነበሩት ወንበሮች ልጁ ከፍ ብሎ በመስኮት እንዲያይ፣ አሽከርካሪዋ እናትም እንዳይንቀዠቀዥባት የተሠሩ ነበሩ። በመኪናው መቀመጫ መደገፊያ ላይ በብረት ይንጠለጠላሉ፤ አንዳንዶቹ የመጫወቻ መሪ ነበራቸው። በግጭት ጊዜ ግን ልጁን ይዘው ይወረወሩ ነበር። በ1962 እንግሊዛዊቷ ጂን ኤምስና አሜሪካዊው ሌናርድ ሪቭኪን በየፊናቸው ልጁን ከአደጋ ለመጠበቅ የታሰቡ ወንበሮችን አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በስዊድን በርቲል አልድማን የተባሉ ሐኪምና ተመራማሪ ጠፈርተኞች ወደ ላይ ሲወነጨፉ በጀርባቸው የሚደገፉበትን አቀማመጥ አይተው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ የሚያዞር የሕፃን ወንበር ሞከሩ። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ የአንገቱ አጥንትም ገና አልጠነከረም። ፊቱ ወደፊት ከሆነ ጭንቅላቱ ተወርውሮ አንገቱን ይጎትተዋል። ወደ ኋላ ከዞረ ግን ጀርባው፣ ትከሻውና ጭንቅላቱ በአንድነት በወንበሩ ላይ ያርፋሉ። ስዊድናውያን ይህን ከተቀበሉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸውን እስከ 4 ዓመታቸው ድረስ እንዲህ አዙረው ያሳፍራሉ። ሌላው ዓለም ግን ለመከተል ብዙ ዘገየ።

ወላጆች ይህን ሁሉ ሰምተው በአንድ ጀምበር አልተለወጡም። አሜሪካ በ1971 የመጀመሪያውን የወንበር ደረጃ ስታወጣ፣ ወንበሩ በግጭት ሙከራ እንዲፈተን እንኳ አላስገደደችም፤ ያ የመጣው በ1981 ነው። ሕጉ ከቴነሲ ተነሥቶ እስከ 1985 ድረስ 50ዎቹንም ግዛቶች አዳረሰ። የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም የልጁ የመጀመሪያ ጉዞ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ የሚሄድበት ማለት ነው፣ በወንበር እንዲሆን ዘመቻ ጀመረ። በእኔ እምነት የአመለካከቱ ትልቅ እጥፋት እዚህ ላይ ነው። አራስ ይዞ ከሆስፒታል የሚወጣ አባት ወንበሩን ካላሳየ ነርሶቹ ፊት የሚነሡት ከሆነ፣ ወንበሩ እንደ ዳይፐርና እንደ ጡጦ ከአራስ ዕቃ ተርታ ይገባል። ከዚያ በኋላ የመጡ ወላጆች “ያስፈልጋል ወይ?” ሲሉ አይሰሙም፤ ጥያቄያቸው “የትኛው ይሻላል?” የሚል ሆነ።

1990ዎቹ ሌላ ድንጋጤ ይዘው መጡ። በአሜሪካ ከፊት ወንበር ያለው ኤርባግ ሰውን ለማዳን ሲነፋ ከፊት የተቀመጡ ሕፃናትን ይገድል ጀመር። በዚህ ሰበብ ከ100 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር ከኤርባግ ፊት መቀመጡ የለየለት ገዳይ እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ። ማስጠንቀቂያው በፀሐይ መከላከያው ላይ ተለጠፈ፤ ልጆች ሁሉ ወደ ኋላ ወንበር ተላኩ። ያ እርምጃ ብዙ ነፍስ አድኗል። ከዓይን የራቀ ልጅ ግን ይረሳል። ጸጥ ብሎ የተኛ ሕፃን ከኋላ እንዳለ ተዘንግቶ፣ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚደርሰው ሞት ከዚያ ወዲህ በጉልህ ታየ። በአሜሪካ ብቻ በዓመት በአማካይ ከ35 በላይ ሕፃናት በሞቀ መኪና ውስጥ ይሞታሉ። እስራኤል ከነሐሴ 2021 ጀምሮ ከ4 ዓመት በታች ልጅ የሚያሳፍር ሰው መኪናው ላይ ማስታወሻ ደወል እንዲያስገጥም ያዘዘችው ለዚህ ነው። “እኔ ልጄን አልረሳም” የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ልጃቸው የሞተባቸውም ከዚያ ቀን በፊት እንዲሁ ይሉ ነበር።

ከ2000 በኋላ ጥርጣሬም ተነሥቷል፤ እሱን መዝለል ትክክል አይሆንም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ስቲቨን ሌቪት በ2005 ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ካር ሲት ከተራ ቀበቶ ብዙም አይበልጥም ብሎ ጻፈ። በ2020 ደግሞ ጆርዳን ኒከርሰንና ዴቪድ ሰሎመን የተባሉ ተመራማሪዎች የወንበር ሕጎች ዕድሜን ከፍ እያደረጉ ሲሄዱ፣ ሦስት ወንበር ከኋላ ስለማይገባ ሦስተኛ ልጅ የሚወልዱ ቤተሰቦች ቀነሱ አሉ። ሦስት ልጅ ያለው ወላጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ይቀበለዋል፤ ትልቅ መኪና መግዛት ቀላል አይደለምና። ሙግታቸው ግን ስለ ትልልቆቹ ልጆች ነው። ለሕፃናት ያለው ማስረጃ አያወላዳም፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው ወንበሩ በተሳፋሪ መኪና ውስጥ የሕፃናትን የሞት አደጋ በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉትን ደግሞ በ54 በመቶ ይቀንሳል።

የአመለካከቱ ለውጥ በግልጽ የሚታይበት አንድ ቦታ ልጁን ወደፊት የማዞር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2011 ልጁ እስከ 2 ዓመቱ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ይቀመጥ አለ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ ዓመት ወላጆችን ሲጠይቁ አብዛኞቹ ልጃቸው 2 ዓመት ሳይሞላው ወደፊት አዙረውታል። በ2013 ቁጥራቸው ቀነሰ። መሻሻሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ያን ጊዜም ከግማሽ የሚበልጡት ወላጆች ቸኩለዋል። የቸኮሉበትም ምክንያት ይታወቃል፦ “እግሩ ተጣጠፈ፣ ያለቅሳል፣ ፊቱን ማየት አልቻልኩም።” እግር ተጣጥፎ መቀመጥ ለልጅ ችግር አይደለም፤ የሚያስፈራው አንገቱ ነው። በ2018 ማኅበሩ ዕድሜውን ትቶ፣ የወንበሩ ክብደትና ቁመት እስከፈቀደ ድረስ አታዙሩት አለ። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ቨርጂኒያ በ2019፣ ሜሪላንድ በ2022 እስከ 2 ዓመት ወደ ኋላ ማዞርን ሕግ አድርገውታል።

በእነዚህ አካባቢዎች ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ትውልድ ሲከራከር ይሰማል። ልጇን ልትጠይቅ ከአገር ቤት የመጣች አያት ሕፃኑ ሲታሰር ሆዷ አይችልም። “ምነው ልጁን እንዲህ ጠፈራችሁት? ታፍኖ እኮ ነው የሚያለቅሰው፤ ስጪኝ ልቀፈው።” ልጅቷ ትለምናለች፦ “እማዬ፣ እዚህ አገር አይቻልም፤ ፖሊስ ይቀጣናል።” መልሱ ለጊዜው ክርክሩን ያበርዳል፤ ለእናትየው ግን ትክክለኛውን ምክንያት አይነግራትም። ወንበሩን የፈረንጅ ፖሊስ ጣጣ ካደረግነው፣ አዲስ አበባ በገባን ማግስት ልጁን ፈትተን ማቀፋችን አይቀርም። ብዙዎች እረፍት ሄደው የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። “እማዬ፣ ብንጋጭ ከእጅሽ ያመልጣል” ማለት ከብዶን እንጂ አያቶቻችን የሚገባቸው ነገር ነው።

የዛሬው የአሜሪካ ወላጅ ችግር ወንበር አለመግዛት አይደለም። የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በ2011 ባደረገው ጥናት ከወንበሮቹ 46 በመቶው ጥበቃውን በሚቀንስ መንገድ ተገጥመው ወይም ልጁ በትክክል ሳይታሰር ተገኝተዋል። የልጆችን ደኅንነት የሚከታተለው ሴፍ ኪድስ በ2014 ሲጠይቅም ከአራት ወላጆች አንዱ ልጁን ሳያስር ያሽከረከረበት ጊዜ እንዳለ አምኗል፤ ገቢያቸው ከፍ ያለው ደግሞ በዚህ በለጡ። ሰበቡ ቅርብ ቦታ ነው፣ ቸኩለን ነው የሚል ነው።

ስሕተቱ ከሚታይባቸው ጊዜያት አንዱ ክረምት ነው። ልጁ ወፍራም ጃኬት እንደለበሰ ይታሰራል፤ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል። በግጭት ጊዜ ጃኬቱ ሲጨመቅ ግን ማሰሪያው ይላላና ልጁ ሾልኮ ይወጣል። ጃኬቱን አውልቆ፣ አስሮ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከላይ ጣል ማድረግ ነው። ማሰሪያውን ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጦ መሞከርም ይቻላል፤ ለመቆንጠጥ የሚተርፍ ከተገኘ ላልቷል። የደረቱ መቆለፊያ በብብቱ ትይዩ ይሁን። ወንበሩን ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዘው ሲነቀንቁት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የእኛ ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር በሌላ በር ይገናኛል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ከ4 ዓመት በታች ያለ ልጅ በካር ሲት እንዲሳፈር አዘዋል፤ ቅጣቱ 400 ድርሃም ነው። ሕጉ ይህ ሆኖ ሳለ የአሠሪዎቿን ሕፃን ከኋላ አቅፋ የምትሄድ እኅታችን አለች። ማሠር አለማሠሩ የእርሷ ውሳኔ አይደለም፤ አደጋ ከደረሰ ግን “ልጁ በእጇ ነበር” መባሉ አይቀርም። “ልጁን ከወንበሩ ላስረው?” ብላ መጠየቅ የምትችልበት ቤት ካለች፣ ጥያቄው ልጁንም እርሷንም ይጠብቃል።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ገና ጅምር ነው። አብዛኛው ቤተሰብ የራሱ መኪና የለውም፤ ልጁ የሚሄደው በሚኒባስ፣ በባጃጅ ወይም በጀርባ ታዝሎ ነው። ለእነዚህ እናቶች ካር ሲት ግዙ ማለት ትርጉም የለውም። ሕፃን ላቀፈች እናት ጋቢና መልቀቅ ግን ከአክብሮት የመጣ ልማድ ቢሆንም መተው ያለበት ነው፤ ለሕፃኑ ከመኪናው ሁሉ የከፋው ቦታ ያ ነው። ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር እንልቀቅላት። የቤት መኪና ያለው ቤተሰብ ግን ምክንያት የለውም። ካር ሲት ለማሠር አዲስ መኪና አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ወንበሮች በኋላው ቀበቶ በደንብ ይታሰራሉ። አባት ጭን ላይ ተቀምጦ መሪ የሚያዞር፣ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆሞ የሚሄድ ልጅ ማየት ዛሬም የተለመደ ነው። ትራፊክ ሲታይ ቀበቶ የሚስብ አባት ለልጁ ምንም ያልሳበበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ከውጭ ወደ አገር ቤት ያገለገለ ካር ሲት በሻንጣ የምትልኩ፣ ልማዱ መልካም ነውና ቀጥሉበት፤ ነገር ግን ከመላካችሁ በፊት ወንበሩን ገልብጡትና ከሥሩ የታተመውን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አንብቡ። ከባድ ግጭት የደረሰበትን አትላኩ፤ ፕላስቲኩ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱም፣ ስምንተኛውን የሕፃን ልብስ ከመግዛት ገንዘቡን አዋጥታችሁ አዲስ ካር ሲት ግዙና ልጁ ከሆስፒታል ሳይወጣ አድርሱ።