የሽማግሌ ወረቀት ፍቺም ፍርድም አይደለም

ዛሬ ከችሎት ስመለስ ቢሮዬ በር ላይ አንዲት ወጣት እናት ተቀምጣ አገኘሁ። ቀኝ ክንዷ በሸምበቆ ታስሮ በነጠላ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል፤ የወጌሻ ሥራ ነው። በግራ እጇ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። «እትዬ፣ መጀመሪያ ይኸን አንብቢልኝ» አለችኝ። «የተፈጠረውን ቀላል ግጭት በሽማግሌ ጨርሰናል፤ እኔም ዳግመኛ እጄን ላላነሳባት፣ እሷም ላትከስ ተስማምተናል» ይላል። ከሥር የባል ፊርማ፣ የሦስት ሽማግሌ ፊርማ፣ የእሷ ሰማያዊ አሻራ። የግራ አውራ ጣት። በቀኟማ በምኗ ትፈርም?

እስካሁን ለምን እንደቆየች ስጠይቃት «ቤት ጥላ የወጣች ሴት ንብረት አይደርሳትም ይባላል» አለች። ይህችው ወሬ ሰሞኑን በየቴሌግራሙ «የሕግ ምክር» ተብላ ስትዞር አይቻለሁ። ስለዚህ ልጻፍ።

1. ቤት ጥላ በመውጣቷ ድርሻዋን የምታጣ ሴት የለችም። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ሀብት በባል ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ «የግሌ ነው» ያለ እሱ ያስረዳ። አንቀጽ የምትጠቅሱ ደግሞ የትኛውን አዋጅ እንደያዛችሁ እዩ። 213/1992 የፌዴራሉ ነው። እኛ እዚህ ወረታ የምንከራከረው በክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው።

2. ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ዘመድ ዳኞች ያፋቱ ነበር፤ ያ ሥልጣን ከተነሳ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ አያፋታም፣ ንብረት ነጥቆም አያባርርም።

3. «ላትከስ ተስማምታለች» የሚለው። እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ሚስትን መደብደብን ከሌላው ድብደባ አይለየውም፤ በአካል ጉዳትና በእጅ እልፊት አንቀጾች ያስቀጣል። ከእነዚህ ቀላሎቹ በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ናቸው፤ አቤቱታው ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አሁን ቁጠሩ። ሽማግሌ ለእሑድ ይቀጥራል። ባል አይመጣም። ለሚቀጥለው እሑድ ይባላል። ለቅሶ ይገባል፣ አጨዳ ይደርሳል፣ መንገድ ይዘጋል። ሦስት ወሩ እንዲህ ያልቃል። ዱላ ወይም ሌላ ጉዳት የሚያደርስ መሣሪያ ይዞ የመታ ግን በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 የሚጠየቅ ነው፤ የሷ አቤቱታ አያስፈልግም፣ ይቅርታዋም መዝገቡን አይዘጋም። የዚህችን ሴት ክንድ የሰበረው የበትር ዱላ ነው። ታዲያ ወረቀቱን ይዛ የሄደችበት አንድ ቢሮ «ታርቃችኋል እኮ፣ ሂጂ» ብሎ መለሳት። መዝገብ አልተከፈተም። ወደ ሐኪምም የላካት የለም፤ ሽማግሌዎቹም «ሐኪም ቤት ከሄድሽ ወረቀት ይከተላል» ብለው ወደ ወጌሻ ወሰዷት። የሕክምና ማስረጃ የሌለው ክስ ይዤ ዐቃቤ ሕግ ፊት ስቆም ምን እንደምባል አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ተብያለሁ።

ሽምግልናን አልጠላም። ደም ያደረቁ፣ የወሰን ጠብ ያበረዱ አባቶችን አክብሬ ነው ያደግሁት። ግን የተሰበረችን ሴት ጣት ቀለም ላይ መጫን ዕርቅ አይደለም። እሷም ብቻዋን አይደለችም፤ በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ወይም አግብተው ከሚያውቁ 100 ሴቶች 34ቱ ከባላቸው ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ለዚህ ሁሉ ሴት ማን ይሟገታል? የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ጥብቅና ይቆም ነበር፤ አዋጅ 621/2001 በመብት ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ሲከለክል እጁ ታሰረ። አዋጁ በ2011 ተቀየረ፤ የጠፉት ዓመታት ግን አልተመለሱም።

የፎገራ ሴቶች፣ ይኸን ደግሞ ስሙኝ። አሁን ሩዝ እየተወቃ ነው። ቀጠሮ ስትጠብቁ ጎተራው ባዶ ይሆናል፤ ኩንታሉ መፈልፈያ ቤት ገብቶ፣ ነጋዴ ጭኖት፣ ብሩ የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ የፍቺ አቤቱታ ስታስገቡ በዚያው ቀን የሩዙና የከብቱ እግድ፣ የእናንተና የልጆች ጊዜያዊ ቀለብ፣ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚቆዩ አብራችሁ ጠይቁ። «ፍቺው ይወሰንና» የሚላችሁን አትስሙ። የመሬት ደብተሩን ገልጣችሁ እዩት፤ የእናንተም ስምና ፎቶ አለበት።

ልጅቱ ስትወጣ «ይኸን ወረቀት ልቅደደው?» አለችኝ። እንዳትቀጂው አልኋት። ባልየው «ዳግመኛ እጄን ላላነሳባት» ብሎ በገዛ እጁ ፈርሟል። የሷ የግራ አውራ ጣት ለምን እዚያ እንዳረፈ ደግሞ ችሎት ፊት እኔ እጠይቀዋለሁ።