ቴሌቪዥን በቤታችን

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ቴሌቪዥን አያያዝ ነው።

አንደኛ፣ ከመብራት ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። በአገራችን የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ጽሑፉ 110 ብቻ የሚል ከሆነ አትሰኩት፤ ይቃጠላል። አያችሁ፣ ፊደል መቁጠር ንብረት ያድናል።

ሁለተኛ፣ የት ይቀመጥ? በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ልጅ ተንጠልጥሎ ሲስበው ይወድቅበታል፤ ሕይወቱንም ሊያጠፋ ይችላል። ዝቅ ያለና ሰፋ ያለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፤ ወይም ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ እሰሩት።

ሦስተኛ፣ ከጀርባው ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት የሚወጣባቸው ናቸው። ቤት ያምራል ብላችሁ በዳንቴል አትሸፍኗቸው፤ ከግድግዳውም ራቅ አድርጉት።

አራተኛ፣ በክረምት ሰማዩ ማጉረምረም ሳይጀምር ከመብራቱም ከአንቴናውም ንቀሉት። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መብረቅ በሽቦ ይገባል። መብረቁ ደጃችሁ ከደረሰ በኋላ ግን ሽቦውን አትንኩ።

በመጨረሻ፣ ቢበላሽ ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ። በተለይ ባለ ሆዱ አሮጌው ቴሌቪዥን ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ያቆያል። ለባለሙያ ስጡት።

ይህን ላልሰማው ጎረቤታችሁ አንብቡለት። ደኅና ሁኑ።