ብረት የሚጨብጠው ጣት የለሽ እጅ

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ ለአንድ አፍታ ቀኝ እጅዎን ይመልከቱ። ብዕር ሲይዝ በቀስታ ይይዛል፤ ውሃ የሞላ ባልዲ ሲያነሣ አጥብቆ ይጨብጣል፤ እንቁላል ሲያነሣ ደግሞ እንዳይሰብረው ይጠነቀቃል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው አንድና ያው እጅ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ለመድነው አይደንቀንም እንጂ፣ ነገሩስ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። አስደናቂነቱም በግልጽ የታወቀው ሰው ለመኪና ተመሳሳይ እጅ ሊሠራለት በተነሣ ጊዜ ነው። መሐንዲሶች የብረት ክንድ መሥራት ቶሎ ቻሉ፤ ብዙ ያስቸገራቸው መዳፉ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከነዚህ ሰው ሠራሽ መዳፎች አንዱን፣ ይኸውም ብረትን በማግኔት ኀይል የሚይዘውን ነው። ነገሩ የመሐንዲሶችና የፋብሪካ ባለቤቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። የሠራተኛውን ጣትና የሠራተኛውን እንጀራ የሚነካ ጉዳይ ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጣት የሚያስከፍል ሥራ

የአውቶሞቢል በር ወይም የማቀዝቀዣ ሣጥን የሚሠራው ጠፍጣፋ ላሜራ በከባድ መኪና ተጨፍልቆ ነው። ቀድሞ ላሜራውን ከመኪናው አፍ የሚያስገባው ሰው ነበር፤ በብዙ ቦታም ዛሬ ድረስ ሰው ነው። የላሜራው ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቈርጣል፤ ዘይት ስለሚቀባም ያንሸራትታል። ከላይ የሚወርደው ብረት ደግሞ እጅና ላሜራ ለይቶ አያውቅም። ሠራተኛው ለአንድ ቅጽበት ቢዘናጋ ወይም ቢደክመው ጣቱን ይከፍላል።

እንዲህ ያለውን ሥራ ለመኪና ማስረከብ የሚል አሳብ የመጣው ከዚህ ነው። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም ያስተዋወቀው ካሬል ቻፔክ የተባለው የቼክ ደራሲ በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሲሆን፣ ቃሉ የግዴታ ሥራ ከሚል የቼክ ቃል የመጣ ነው። በፋብሪካ የሚሠራውን ሮቦት የፈለሰፈው ግን ጆርጅ ዴቮል የተባለ አሜሪካዊ ነው። እርሱም በ1954 የፈጠራ መብት ጠይቆ በ1961 ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት «ዩኒሜት» የተባለው ክንድ በኒው ጀርሲ በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ገብቶ፣ ከቅርጽ ማውጫ የሚወጣውን ትኩስ ብረት እያነሣ ማስቀመጥ ጀመረ። ክብደቱ ወደ 1800 ኪሎ ይደርስ ነበር።

የእንዲህ ያለው ክንድ መዳፍ ብዙውን ጊዜ እንደ አንጥረኛ ጉጠት ያለ ነው። ጉጠት ደግሞ የሚይዘውን ነገር ከግራና ከቀኝ ማግኘት አለበት። በክምር ላይ የተነጠፈ ላሜራ ግን ጉጠት የሚገባበት ጎን የለውም። ስለዚህ አየር እየመጠጠ የሚይዝ የጎማ ኩባያ ተሠራ። እርሱም ለስላሳ ላሜራ ሲያገኝ መልካም ነው፤ የተበሳሳ ወይም ሸካራ ሲያጋጥመው ግን አየር ስለሚያስገባ ይለቃል። ቀዳዳ የማያስቸግረው፣ ከአንድ ወገን ብቻ ቀርቦ የሚይዝ መዳፍ ሲፈለግ ማግኔት ተገኘ።

ከመምህሩ ጠረጴዛ የተነሣ ኀይል

በ1820 ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ የኤሌክትሪክ ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አስተዋለ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በወጣትነቱ የጫማ ሥራ ተለማማጅ፣ ከዚያም ወታደር የነበረው እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርጅን፣ በፈረስ ጫማ ቅርጽ የታጠፈ ብረት ቫርኒሽ ቀብቶ ሽቦ ጠመጠመበትና ኤሌክትሪክ አሳለፈበት። 200 ግራም ያህል የሚመዝነው ይህ ብረት 4 ኪሎ ያህል አነሣ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የያዘውን ጣለ።

ቀጥሎ የመጣው በአሜሪካ በአልባኒ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ሄንሪ ነው። ስተርጅን የተጠቀመው በባዶ ሽቦ ስለ ነበር ዙሮቹ እንዳይነካኩ አራርቆ ለመጠምጠም ተገዶ ነበር። ሄንሪ ግን ሽቦውን ራሱን በሐር ሸፈነው። በዚህም ምክንያት ዙር በዙር ላይ እየደራረበ ለመጠምጠም ቻለ። በ1831 ለየል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አነሣ።

ተማሪ የሆኑ አንባቢ ይህን በገዛ እጅዎ ሊያዩት ይችላሉ። በአንድ ትልቅ ሚስማር ላይ ሽፋን ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ 50 ጊዜ ያህል ይጠምጥሙ፤ የሽቦውን ሁለት ጫፍ ልጠው በአንድ የባትሪ ድንጋይ ጫፎች ላይ ያስነኩት። ሚስማሩ መርፌ ቁልፎችን ይሰበስባል፤ ሲያላቅቁት ያራግፋቸዋል። ሽቦው ቶሎ ስለሚግል ግን ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አያቆዩት። የፋብሪካው መዳፍ የቆመበት መሠረት ከዚህ የተለየ አይደለም።

መብራት ቢጠፋስ?

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይህን ጥያቄ ሳያነሣ አያልፍም። አንድ ክንድ 100 ኪሎ ብረት ተሸክሞ በሰው አጠገብ ሲያልፍ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? የስተርጅን ማግኔት እንደ ጣለ ሁሉ እርሱም ይጥላል። መብራት ሳይነግረን እንዴት እንደሚሄድ እኛ እናውቃለን፤ ስለዚህ አደጋውን ለመገመት አያዳግተንም።

የአደጋው መድኀኒት ኤሌክትሪክ የማይጠይቀው ቋሚ ማግኔት ነው። በ1983 የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ለየብቻቸው ኒዮዲሚየም፣ ብረትና ቦሮን የተዋሐዱበትን እጅግ ብርቱ ማግኔት ይፋ አደረጉ። ነገር ግን ቋሚ ማግኔት የተገላቢጦሽ ችግር አለበት፤ ይኸውም አንዴ የያዘውን አልለቅም ማለቱ ነው።

ለዚህ የተገኘው ዘዴ የሚያስደስት ነው። ሁለት ክብ ማግኔቶች አንዱ በሌላው ላይ ሆነው በሁለት የብረት ግድግዳዎች መካከል ይቀመጣሉ። የሁለቱም ሰሜን ዋልታ በአንድ ወገን፣ ደቡብ ዋልታቸውም በሌላው ወገን ሲሆን ኀይላቸው ተደምሮ በግድግዳዎቹ በኩል ወደ ታች ይወጣና ብረቱን ይይዛል። አንደኛው ማግኔት ግማሽ ዙር ሲዞር ግን የአንዱ ሰሜን ከሌላው ደቡብ ጋር ይገጥማል። ኀይሉም እዚያው ውስጥ ለውስጥ እየተዘዋወረ ይቀራል፤ መዳፉም ይለቃል። ኤሌክትሪክ ወይም የታመቀ አየር የሚያስፈልገው ለማዞር ብቻ ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋ መዳፉ እንደ ያዘ ይቆያል።

ሌላው ዓይነት ብርቱውን ማግኔት አልኒኮ ከሚባል፣ ዋልታው በቀላሉ ከሚገለበጥ ማግኔት ጋር ያጣምራል። በአልኒኮው ዙሪያ በተጠመጠመው ሽቦ ለቅጽበት ያህል ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ዋልታው ይገለበጣል፤ መዳፉም እንደ አገለባበጡ ይይዛል ወይም ይለቃል። ለመያዝም ለመልቀቅም አንድ ቅጽበት ይበቃዋል፤ በመካከሉ ምንም ኤሌክትሪክ አይፈጅም።

እንደ ዕቃው የሚታጠፍ መዳፍ

ማግኔት ቅርበት ይወዳል። አንድ ቴስላ የሚሆን የማግኔት መስክ ከብረት ጋር በደንብ ሲገጥም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 4 ኪሎ ያህል ይይዛል። መስኩ በግማሽ ቢቀንስ ግን የሚይዘው ሁለት ኪሎ ሳይሆን አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ቀለም፣ ዝገት ወይም በመካከል የገባ ስስ አየር መስኩን ያደክመዋል። ክብ ቧንቧ ደግሞ ጠፍጣፋ ማግኔትን የሚነካው በአንድ መሥመር ብቻ ነው።

ስለዚህ መሐንዲሶች መዳፉን አንድ ወጥ ከማድረግ ይልቅ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ከፈሉት። እያንዳንዱ ማግኔት በራሱ ሞላ ላይ ይቆማል፤ ወይም ከማግኔቱ ሥር የተደረደሩ የብረት ዘንጎች ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። መዳፉ በዕቃው ላይ ሲያርፍ ጎባጣው ከፍ፣ ጎድጓዳው ዝቅ ያደርጋቸዋል። በዚህ ዓይነት አንዱ መዳፍ ጠዋት ጠፍጣፋ ላሜራ፣ ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ሊያነሣ ይችላል።

ከዚህም የበለጠ የሚታጠፍ አለ። በ1948 ጃኮብ ራቢኖው የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ ሲሠራ፣ የደቀቀ የብረት ብናኝ ከዘይት ጋር ቢቀላቀልና ማግኔት ቢቀርበው ፈሳሹ ወዲያው እንደሚጠጥር አሳየ። እያንዳንዱ ብናኝ ከጎረቤቱ ጋር እየተያያዘ ሰንሰለት ይሠራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ሰንሰለቶቹ ተባብረው ፈሳሹን ያግዱታል። ይህ ፈሳሽ በሚለጠጥ ከረጢት ውስጥ ሆኖ በዕቃው ላይ ሲጫን ቅርጹን ይከተላል፤ ማግኔቱ ሲሠራ ይጠጥርና ይጨብጣል። የሚይዘው በመሳብ ሳይሆን በማቀፍ ስለሆነ ብረት ያልሆነውንም ያነሣል። በ2010 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ያለ ማግኔት ተመሳሳይ መዳፍ ሠርተው አሳይተዋል። የጎማውን ፊኛ የሞሉት በተፈጨ ቡና ነበር! ፊኛው ዕቃውን ካቀፈ በኋላ አየሩ ሲመጠጥ ቡናው ይጠጥራል።

ጉድለቱን ማወቅ

ማግኔት አሉሚኒየምንና መዳብን አይስብም፤ ለወጥ ቤት ዕቃ ከሚውለው የማይዝግ ብረትም ብዙውን አይስብም። ሙቀትም ያሸንፈዋል። ብረት በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብርቱ ስበቱን ያጣል፤ ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ መድከም ይጀምራል። ስስ ላሜራ ሲያነሣም ኀይሉ አልፎ ሁለተኛውን ይዞ ይመጣል። ሁለት ላሜራ ባንድነት ከመጨፍለቂያው ከገባ መኪናውን ሊሰብር ስለሚችል፣ በክምሩ ጎን ሌሎች ማግኔቶች ይቆማሉ። እነርሱም ላሜራዎቹን ሁሉ በተመሳሳይ ዋልታ ስለሚያነቃቁ ላሜራዎቹ ይገፋፉና ይለያያሉ።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የሰው መዘናጋት ነው። በጥር 1979 በሚሺጋን በሚገኝ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ፣ ዕቃ ሊያወርድ ወደ መደርደሪያ የወጣ ሠራተኛ በሮቦት ክንድ ተመትቶ ሞተ። ጣት ለማዳን የመጣ መኪና አጥርና ማስጠንቀቂያ ካልተደረገለት ነፍስ ያጠፋል።

የሠራተኛውስ እንጀራ? ላሜራ የሚያቀብለው ሰው ጣቱ ከዳነለት በኋላ ሥራው ቢወሰድበት ትርፉ ምንድን ነው? አዲሱ መኪና አዲስ ሥራ ይዞ መምጣቱ እውነት ነው። ክንዱን የሚጠግን፣ ሥራውን የሚያዘጋጅለት፣ ማግኔቱን የሚፈትን ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ይህ ሥራ ያለ ትምህርት አይገኝም፤ የጎልማሳ ሠራተኛም ትምህርት ወጪና ጊዜ ይጠይቃል። ያን ወጪ ማን ይችላል የሚለው ጥያቄ መኪናው ከመተከሉ በፊት እንጂ ሠራተኛው ከተባረረ በኋላ የሚነሣ መሆን የለበትም።

በአገራችንም ላሜራና ብረት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ዛሬ በመዝገብ ቤት ደብዳቤ የሚመራው ወጣት፣ ነገ የዕቃ ግዥ ውል ወይም የሠራተኛ ደኅንነት ደንብ ይጽፍ ይሆናል። ዛሬ ዋልታና ስበትን ለፈተና ብቻ የሚያጠናው ተማሪም ነገ መኪናውን የሚረከብ መሐንዲስ ይሆናል። ያን ጊዜ ሻጩ የመኪናውን ፍጥነትና ውበት ሲዘረዝር፣ ሁለቱም አንድ ነገር ሳይጠይቁ እንዳይፈርሙ አደራ እላለሁ፤ «መብራት ሲጠፋ ይህ መዳፍ ይይዛል ወይስ ይለቃል?»